ኅዳግ ይጨመር እንጂ ሰው አይቆረጥ

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ብዙ ተጽፏል። ስለ ፎቶግራፍ አሰቃቀል ግን እስካሁን ብዕሩን ያነሣ የለም። «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እኛ ግን ቁም ነገር አለው ባዮች ነን። ለምን ቢባል፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጋራ ፎቶግራፍ ማን እንደነበረ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ሰነዱ ከተዛባ ምስክርነቱም ይዛባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመማሪያ ክፍሎቹ መተላለፊያ ላይ ለየምድቡ የጋራ ፎቶግራፍ ተብሎ የተሠራው ሰሌዳ በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ወርዱና ቁመቱ እኩል ነው። አሠራሩ ያምራል፤ ሥርዓትም አለው። ችግሩ የጋራ ፎቶግራፍ ካሬ ሆኖ አለመነሣቱ ላይ ነው። ሰው በረድፍ ሲቆም ፎቶግራፉ ወደ ጎን ይረዝማል። ታዲያ ምን ተደረገ? ፎቶግራፉ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ተላከ፤ «በካሬው ልክ ይሁንልን» ተባለ፤ በካሬው ልክም ሆነ። ግራና ቀኙ ተቆርጦ! ከአንዷ እኅታችን የቀረው እጇ ብቻ ነው። እጇ በጓደኛዋ ትከሻ ላይ እንዳረፈ ይታያል፤ ባለቤቷ ግን የለችም።

እስቲ እናስተውል። በጋራ ፎቶግራፍ ላይ ዳር የሚቆመው ማነው? አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ አምጥቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ የቆየው ነው። «እናንተ መሀል ግቡ» ብሎ ቦታ የለቀቀው ነው። ዓይን አፋሩ ነው። ተረኛ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ እየሮጠ የደረሰው ነው። መቀሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህን ነው። መሀል የተቀመጡት መምህራንና የምድቡ አለቃ መቼም ቢሆን አይነኩም። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ የመቀስ ጠባይ ነው። ጠባዩን እያወቁ መቀስን መምረጥ ግን ትክክል አይደለም እንላለን።

ሒሳቡን እንሥራው። በፊልም ዘመን በብዙ ካሜራዎች የሚነሣ አንድ ምስል በፊልሙ ላይ 36 ሚሊ ሜትር ወርድና 24 ሚሊ ሜትር ቁመት ነበረው። ዛሬም በፎቶ ቤቶች እጅ የሚገኙ ብዙ ካሜራዎች ይህንኑ የ3 ለ2 መጠን ይከተላሉ። እንግዲህ 36 ሰልጣኞች በ3 ረድፍ፣ በየረድፉ 12 ሆነን፣ ፎቶግራፉን ከዳር እስከ ዳር ሞልተን ቆመናል እንበል። ፎቶግራፉ ተቆርጦ ካሬ ሲሆን ከ36 ሚሊ ሜትር 24ቱ ብቻ ይቀራል። ከየረድፉ በግራ 2፣ በቀኝ 2 ሰው ይሄዳል። በ3ቱ ረድፍ 12 ሰው! የምድቡ ሲሶ ማለት ነው። በስልክ ቢነሣስ? የብዙ ስልኮች ፎቶግራፍ 4 ለ3 ነው፤ ካሬ ለማድረግ ሲቆረጥ ሩቡ ይጠፋል። ስልኩ 16 ለ9 በሆነው ሰፊ መጠን ተደርጎ ከነበረ ደግሞ ከመቶ 43 እጅ በላይ ይጠፋል። ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው?

«መቁረጥ ካልተወደደ ይጨመቅ» የሚሉም አልጠፉም። ይህም ሁለተኛው ጥፋት ነው። ያው የ3 ለ2 ፎቶግራፍ ቁመቱ ሳይነካ ወርዱ ተጨምቆ ካሬ ሲሆን የሁሉም ሰው ስፋት በሲሶ ይቀንሳል። ክልላችን በቀርከሃው የታወቀ ነው፤ እኛ ግን ቀርከሃ አይደለንም። በቁም የተነሣ ፎቶግራፍ ወደ ጎን ሲለጠጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉንጩ ይነፋል፤ አንገቱ ያጥራል። ይህን ሁላችንም በሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አይተነዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን መስኮት 4 ለ3 ነበር። የዛሬው 16 ለ9 ነው። የጥንቱ ዘፈን በዛሬው ሰፊ መስኮት ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲለጠጥ ዘፋኙ በሲሶ ይወፍራል። እኛም «ያኔ ሰው ወፍራም ነበር» ብለን እንስቃለን። የወፈረው ግን ሰውየው አይደለም፤ መስኮቱ ነው።

ጉዳዩ ከሳቅ አልፎ ወደ ማስተማሪያ ክፍል ሲገባ ደግሞ ከባድ ይሆናል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ በክልላችን፣ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገ መምህር ሆነን ስንወጣ ሥዕሉን የማይሰቅል ይኖራል? የዋናው ግድብ ርዝመት 1,780 ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 145 ሜትር ነው። ርዝመቱ ቁመቱን 12 ጊዜ ያጥፈዋል ማለት ነው። ይህን በካሬ ልክ እንቁረጠው ብንል፣ ከ1,780 ሜትሩ የሚቀረን 145 ሜትር ብቻ ነው፤ ከመቶ 8 እጅ ቁራጭ ግንብ! እንለጥጠው ብንል ደግሞ ቁመቱ ከርዝመቱ እኩል ይሆንና ተማሪው ግድቡን ሰማይ የነካ ማማ አድርጎ ይይዘዋል። በ10 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ሳይቆረጥና ሳይለጠጥ ቢቀመጥስ? ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጭን መስመር ይሆናል። «በጣም አነሰ» ይባል ይሆናል። ትምህርቱ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ሕፃኑ ግድቡ ከከፍታው ይልቅ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ በዓይኑ ያያል። ከላይና ከታች በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ልኩን፣ ዘመኑንና የወረዳውን ስም መጻፍ ይቻላል።

ከዚህ ላይ የዓለም ካርታንም ማንሣት ተገቢ ነው። በስልካችን የምንከፍታቸው ብዙ ካርታዎች ዓለምን በሙሉ በአንድ ካሬ ላይ ነው የሚነድፉት። ይህን ለማድረግ ሁለቱንም ጥፋት ይፈጽማሉ። ከ85 ዲግሪ ጥቂት አልፎ ያለውን የሰሜንና የደቡብ ዋልታ ይቆርጡታል። የቀረውን ደግሞ ወደ ዋልታዎቹ በቀረበ መጠን ይለጥጡታል። የዚህ አነዳደፍ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1569 መርካቶር የተባለው ሰው ለመርከበኞች እንዲረዳ ያወጣው ካርታ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? አፍሪካ ከግሪንላንድ 14 ጊዜ ያህል ትሰፋለች፤ በካርታው ላይ ግን ሁለቱ እኩል ይመስላሉ። የአፍሪካ ኅብረት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ይህ ካርታ የአህጉሪቱን ትክክለኛ መጠን በሚያሳይ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ መደገፉ በከንቱ አይደለም። ልዩነቱ ግን ይታወቅልን። ድቡልቡል የሆነች ምድር በወረቀት ላይ ስትዘረጋ በአንድም በሌላም መንገድ መዛባቷ ግድ ነው። ፎቶግራፍ ግን ድሮውንም ጠፍጣፋ ነው። እሱን የሚያዛባ ሰው ግድ ሆኖበት ሳይሆን ወዶ ነው።

እንዲህ ስንል መቁረጥ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ለመታወቂያና ለማመልከቻ የምንጠየቀው ፎቶግራፍ ስሙ ራሱ «ጉርድ» ነው። 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ ሲባል ከደረት በላይ መሆኑን ተነሺው ያውቃል፤ አውቆም ይቀመጣል። የጋራ ፎቶግራፍ ግን ጉርድ ተብሎ አልተነሣም። ሁሉም «እኔም አለሁበት» ብሎ ነው የቆመው። ልዩነቱ ያለው በመቀሱ ላይ ሳይሆን በተነሺው ፈቃድ ላይ ነው።

ካሬስ ቢሆን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመን አገር ሮላይፍሌክስ የተባለ ካሜራ ወጣ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደረቱ ወይም ወገቡ ላይ ይዞ ከላይ ወደ ታች እያየ ስለሚያነሣ፣ በጎን ማጋደሙ አይመችም ነበር። ምስሉ ካሬ ከሆነ ግን ማጋደም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ኢንስታግራም ካሬ ያልሆነ ፎቶግራፍ አልቀበልም ብሎ ወጣቱን ሁሉ ካሬ ወዳድ አደረገው። በ2015 ግን ሌላ መጠን ፈቀደ፤ በ2025 ደግሞ በየሰው ገጽ ላይ የሚደረደሩትን ካሬዎች ወደ ቁም ለወጣቸው። ካሬ እንግዲህ አንዴ ለካሜራ አያያዝ፣ አንዴ ለስልክ መስኮት ሲባል የመጣ ልማድ ነው። ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ለልማድ ሲባል ሰው ይቆረጣል እንዴ?

«እሺ፣ ሰሌዳው ካሬ ሆኖ ተሠርቷል፤ አፍርሱት ልትሉን ነው?» ቢባል፣ አይደለም። መፍትሔው በጣም ቀላል ነው። ፎቶግራፉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ያለው ወረቀት ካሬ ይሁን። ማለት ኅዳግ ይጨመር።

ኅዳግ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊ ቆዳውን ከዳር እስከ ዳር በጽሕፈት አይሞላውም፤ ዙሪያውን ባዶ ይተዋል። በደብተራችን ጎን የተሰመረችው መስመር ለምን ተሰመረች? መምህሩ እርማቱን እንዲጽፍባት አይደለምን? የነጠላ ጥለትም ቢሆን ነጠላውን አሳመረው እንጂ አላሳነሰውም። ኅዳግ ባዶ ቦታ ነው፤ ብክነት ግን አይደለም። መሀል ላለው ነገር የሚሰጥ ክብር ነው።

በእጅ ሲሠራ እንዲህ ነው። የታጠበው ፎቶግራፍ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ረጅሙን ጎን ይዘን 30 በ30 የሆነ ነጭ ካርቶን እንቆርጣለን። መቀሱ እዚህ ላይ ይሥራ፤ ካርቶን አያለቅስም። ከ30 ላይ 20 ሲቀነስ 10 ይቀራል። ለሁለት ቢካፈል ከላይ 5፣ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እኛ ግን ከላይ 3፣ ከታች 7 እንዲሆን እንመርጣለን። ለምን? ከታች ባለው 7 ሴንቲ ሜትር ላይ የሁሉም ስም በየረድፉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲጻፍ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ፊቱን የሚያስታውስ ቢጠፋ ስሙ ይናገራል። ከቆረጡት ፎቶግራፍ 12 ሰው ይጠፋል፤ ኅዳግ ከጨመሩለት ፎቶግራፍ ግን 36 ስም ይተርፋል። ይህን ልብ ይሏል።

በኮምፒዩተር ሲሠራ ደግሞ ሁለት ትእዛዞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «ኢሜጅ ሳይዝ» የሚለው ፎቶግራፉን ራሱን ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል፤ ወርድና ቁመቱን አያይዞ የሚጠብቀው ምልክት ከተፈታ ደግሞ ያጣምመዋል። «ካንቫስ ሳይዝ» የሚለው ግን ከፎቶግራፉ ሥር ያለውን ሸራ ነው የሚለውጠው፤ ፎቶግራፉን አይነካም። በነፃ በሚገኘው ጊምፕ በተባለው ፕሮግራም ላይ ለምሳሌ 4000 በ3000 ነጥብ የሆነ ፎቶግራፍ ከፍተን፣ «ካንቫስ ሳይዝ» ውስጥ ገብተን፣ ሁለቱን ቁጥሮች ያያያዘችውን ሰንሰለት እንፈታለን። ከዚያ ሁለቱንም 4000 እናደርጋለን። «ሴንተር» የሚለውን ስንጫን ፎቶግራፉ መሀል ይቀመጣል፤ ከላይ 500፣ ከታች 500 ነጥብ ባዶ ይጨመራል። የጀርባውን ቀለም ነጭ አድርገን «ፍላተን ኢሜጅ» ስንል ባዶው ነጭ ይሆናል። በቃ! አንድም ሰው አልተቆረጠም፤ አንድም ፊት አልተጣመመም። በወርድ ፕሮግራም ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ አጭር ምክር አለን። ፎቶግራፍ ስናሳድግ ወይም ስናሳንስ ማዕዘኑን ይዘን እንጎትት እንጂ ጎኑን አንጎትት። ጎኑን የጎተተ ሰው የሰው ፊት ጎትቷል።

ተቃውሞ እንደሚቀርብብን አንስተውም። አንደኛው፣ «ኅዳግ ሲጨመር ሰው ያንሳል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የ3 ለ2 ፎቶግራፍ በካሬ ውስጥ ሙሉውን ሲቀመጥ የሚይዘው ከካሬው ሁለት ሦስተኛውን ነው። ግን 36 ሰው ትንሽ አንሶ ቢታይ ይሻላል ወይስ 24 ሰው ጎልቶ 12ቱ ቢጠፋ? ማነሱን የሚጠላ ደግሞ አስቀድሞ ያስብበት። ሰሌዳው ካሬ መሆኑ ከታወቀ ፎቶ ስንነሣ በ3 ረድፍ 12 ከመቆም ይልቅ በ4 ረድፍ 9 ሆነን እንጠጋጋ። ፊተኞቹ መሬት ይቀመጡ፣ ቀጥሎ ወንበር፣ ቀጥሎ ቁም፣ ኋለኞቹ አግዳሚ ላይ ይውጡ። ያን ጊዜ ኅዳጉም ይጠባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ነጩ ባዶ ቦታ ዓይን አይስብም፤ ይሞላ» የሚል ነው። በቴሌቪዥን እንደምናየው፣ ያንኑ ፎቶግራፍ አደብዝዞ ከኋላ ማንጠፍ ይቻላል፤ በዚህ ጠብ የለንም። ዛሬ ዛሬ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ባዶውን ቦታ ባልነበረ ነገር መሙላት መጥቷል። ማሽኑ ዛፍ ይጨምራል፣ ግድግዳ ይጨምራል፤ ሲያሻውም ባለቤት የሌለው ክንድ ያበቅላል። ይህ ለማስታወቂያ ያምር ይሆናል። ለምስክርነት ለሚሰቀል ፎቶግራፍ ግን አይሆንም። አማርኛችን «ቆርጦ ቀጥል» የሚለው የማን ስም እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ነጭ ኅዳግ ቢያንስ አይዋሽም፤ «እዚህ ምንም አልነበረም» ይላል፤ እውነትም አልነበረም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ከአሁን ጀምሮ በሰሌዳው ላይ የሚሰቀል የጋራ ፎቶግራፍ ሁሉ ሳይቆረጥና ሳይለጠጥ በካሬ ካርቶን ላይ ይለጠፍ፤ የሁሉም ኅዳግ አንድ ዓይነት ነጭ ይሁን፤ ሥርዓቱም እንዲሁ ይጠበቃል። ሁለተኛ፣ የተቆረጠው ፎቶግራፍ ዋናው በስልክም ሆነ በፎቶ ቤት ያለው ሰው ያቅርበውና እንደገና ይታጠብ፤ ወጪውን ተዋጥተን እንችላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! ሦስተኛ፣ በማስተማሪያ መርጃ ዝግጅት ክፍለ ጊዜ መምህራኖቻችን ይህን ቀላል ሥራ በካርቶንም በኮምፒዩተርም አንድ ቀን ያሠሩን።

ይህን የመጨረሻውን አጥብቀን የምንጠይቀው ለራሳችን ብቻ ብለን አይደለም። ነገ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ኩርሙክ፣ ወደ ሸርቆሌ፣ ወደ ማንዱራ፣ ወደ ያሶ ስንበተን የክፍላችንን ልጆች ፎቶግራፍ የምንሰቅለው እኛ ነን። ካርቶን ቢጠፋ እንኳ የቀርከሃ ክፈፍ የሚሠራልን ሽማግሌ አይጠፋም። ከእነዚያ ልጆች ለአንዳንዱ ያ ፎቶግራፍ በሕይወቱ የተነሣው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። እናቱ ከሩቅ መጥታ ግድግዳው ፊት ቆማ፣ በጣቷ ከፊት ወደ ፊት እያለፈች ልጇን ትፈልጋለች። ልጁ ዳር ቆሞ ከነበረ፣ ጣቷ የፎቶግራፉ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም ምን ብለን ልንመልስላት ነው? «ሰሌዳው ካሬ ስለሆነ ነው» ልንላት ነውን?

መምህር ማለት ዳር የቆመውን የሚያይ ሰው ነው። ይህን ማየት ከግድግዳችን ላይ እንጀምር። ክፈፉ ለሰው ይሠራ እንጂ ሰው ለክፈፉ አይሠራ። ኅዳግ ይጨመር፤ ሰው አይቆረጥ!